የይርካላ ሰሌዳዎችና የእኛ ሂስ

ባለፈው የክበባችን ውይይት ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «ሥራ የተሰጠው ሥዕል ዕቃ እንጂ ሥዕል አይባልም» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ለሕዝብ የማያገለግል ሥዕል የሀብታም ሳሎን ማድመቂያ ነው» ብሎ መለሰለት። ለሁለቱም እኩል ተጨበጨበላቸው፤ ሰዓቱም አለቀና ተበተንን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን ጓዶች አንድ ቤት አስገብቼ ልፈትናቸው ስል ቆየሁ። ቤቱን አሁን አግኝቼዋለሁ። የሚገኘው በሰሜን አውስትራሊያ፣ በአርነም ላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ይርካላ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው፤ ስሙም ቡኩ-ላርንጋይ ሙልካ የኪነ ጥበብ ማዕከል ይባላል። ሥራዎቹን የማውቃቸው ከታተሙ ፎቶግራፎች ስለሆነ ስለ ቀለማቸው ድምቀት አልመጻደቅም። ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ከስሙ እንጀምር። «ቡኩ-ላርንጋይ» ማለት የማለዳ ፀሐይ የመጀመሪያዋ ጮራ ፊት ላይ ስታርፍ የሚሰማው ስሜት ነው። «ሙልካ» ደግሞ ቅዱስ ሆኖ ሳለ ለሕዝብ የሚታይ ሥርዓት ማለት ሲሆን፣ መያዝና መጠበቅ የሚል ትርጉምም አለው። የሚታይም፣ የሚጠበቅም! ቅራኔው ከበሩ ላይ ይጀምራል ማለት ነው። ማዕከሉ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የዮልንጉዎች ነው፤ የይርካላን መንደርና በየጎሣው መሬት ላይ ተበታትነው የሚገኙትን ሃያ አምስት ያህል ትንንሽ ሰፈሮች ያገለግላል። በአንድ በኩል ሥዕል ከሠዓሊው እየተቀበለ ለውጭ ገዢ ይሸጣል፤ በሌላ በኩል ሙዚየም አለው፤ በ2007 ደግሞ ድምፅና ፊልም እየቀረጸ መዝገብ የሚያኖር ክፍል ተጨምሮበታል። እንግዳው ገብቶ ያያል፣ የባለቤቱ ልጅ ገብቶ ይማራል። ታዲያ አንድ ቤት ለሁለት ዓይነት ሰው እንዴት ይሆናል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ዮልንጉዎች ዓለሙን በሙሉ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ዱዋና ይሪቻ ይሉታል። ሰውም፣ መሬትም፣ ዓሣም ከሁለቱ የአንደኛው ነው፤ ጋብቻም ከወዲያኛው ወገን ይሆናል። እያንዳንዱ ጎሣ የራሱ ንድፍ አለው፤ ንድፉም ጥንታውያኑ ፈጣሪ አባቶች ያለፉበትን መሬት ይመሰክራል። ስለዚህ ማንም ብድግ ብሎ ያሻውን ንድፍ አይሥልም። በእኛም ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ላልተማረው ሰው መጽሐፉ እንደሆነ እናውቃለን፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ግን የጎጃሙም የወሎውም ሠዓሊ ቢሥለው «ምን አገባህ?» የሚለው የለም። በይርካላ የሌላውን ንድፍ ያለ ፈቃድ መሣል ድንበር እንደ መግፋት ነው።

አሠራሩም ዋዛ አይደለም። በዝናቡ ወራት የባሕር ዛፍ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ላይ ቅርፊቱ ይገፈፋል፣ በእሳት እየተለበለበ ይቃናል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ቀይና ቢጫ አፈር፣ ነጭ ሸክላና ጥቁር ተፈጭቶ ይቀባል። ባሕር ዛፍ እኮ ለእኛም ከዚያው ክፍለ ዓለም የመጣ ነው፤ እኛ ማገዶና አጣና አደረግነው፣ እነርሱ ብራና አድርገውት ኖረዋል። ከሰው ጠጉር በተሠራ ረጅምና ቀጭን ብሩሽ መስመር በመስመር ላይ እየተጋደመ ሲሣል መደቡ ሁሉ መብለጭለጭ ይጀምራል። ይህን ብልጭታ «ቢርዩን» ይሉታል፤ ከአባቶች የመጣ ኃይል ምልክት ነው። ይዘትና ቅርጽ እያልን በፈተና ወረቀት ላይ የምንቆራርጠው ነገር እዚህ ላይ አንዱ ከአንዱ አይላቀቅም። መስመሩ ከደበዘዘ የተነገረው ነገር ራሱ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ሰሌዳዎቹ ልምጣ። በይርካላ የሜቶዲስት ሚሲዮን የተቋቋመው በ1935 ነበር። በ1962 እና በ1963 አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሁለት ሰሌዳ ሣሉ፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። አንደኛው የዱዋ፣ ሁለተኛው የይሪቻ ነው። ከሠዓሊዎቹ መካከል ማዋላን ማሪካ፣ ናሪቺን ማይሙሩ፣ ቢሪኪቺ ጉማናና ሙንጉራዉይ ዩኑፒንጉ ይገኙበታል። ጎሣ ከጎሣ ንድፉን በአንድ ሰሌዳ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ማኖሩ ራሱ ትልቅ ስምምነት ነው። ሰሌዳዎቹ በመንበሩ ግራና ቀኝ ቆሙ። ለሚሲዮኑ ሰው «የእናንተ እምነት እንግዳ ሆኖ የገባው ሕግ ካለው አገር ነው» ማለታቸው ነበር፤ ያለ አንድ ቃል፣ ያለ ጩኸት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው በ1963 የአውስትራሊያ መንግሥት ከሦስት መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሬት ከክልላቸው ቆርጦ ለቦክሳይት ማዕድን ሰጠ። ባለመሬቶቹን የጠየቀ አልነበረም። ያን ጊዜ ዮልንጉዎች አቤቱታ ጻፉ። እኛ አቤቱታ ስንል በፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚጽፈው ማመልከቻ ጸሐፊ ይታወሰናል፤ «ክቡር ሆይ» ብሎ ጀምሮ «ታማኝ አገልጋይዎ» ብሎ ይጨርሳል። የእነርሱ ግን በራሳቸው ቋንቋና በእንግሊዝኛ በታይፕ ተመትቶ በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጠፈ፤ ዙሪያውን የሁለቱ ወገን ንድፍ ተሣለበት። በነሐሴ ወር ለፓርላማው ቀረበ። የፈራሚዎቹ ውክልና ሲያጠራጥር የሽማግሌዎች የጣት አሻራ ያለበት ሌላ ቅጂ ተላከ።

እስቲ እንደ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ እናንብበው። ወረቀቱ በመንግሥት ቋንቋና ሥርዓት ይለምናል። ዳሩ ግን አይለምንም፤ ባለቤትነቱን ያሳያል። ፓርላማው ወረቀቱን ሲያነብ ዳሩን እንደ ጌጥ አየው፤ የመሬቱ ካርታ ግን ዳሩ ላይ ነበር። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ካሣ እንዲከፈልና ቅዱሳን ቦታዎች እንዲጠበቁ ሐሳብ አቀረበ፤ ማዕድኑ ግን ቀጠለ። የቅርፊቱ አቤቱታ ዛሬ በካንቤራ ፓርላማ በክብር ተቀምጧል። ባለጉዳዩን አስለቅሶ ማመልከቻውን በመስተዋት ሣጥን ማክበር ማለት ይኼ ነው።

ዮልንጉዎች ቀጥለው ማዕድን አውጪውን ኩባንያ ናባልኮንና መንግሥትን ከሰሱ። በ1971 ዳኛው ብላክበርን ፍርድ ሰጡ። የረቀቀና የጠነከረ ሕግ ያለው ሕዝብ መሆኑን አመኑ፤ ግን መሬቱ የጎሣው ነው ከማለት ይልቅ ጎሣው የመሬቱ ነው ማለት ይቀላል፣ ይህ ደግሞ በሕጋችን ንብረት አይባልም ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉት። በዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በ1965 (በእኛ የካቲት 1957) የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሲወጡ መለኪያቸው ማረሻው ነበር። በጭሰኛው ላይ የተጫነውን ቀንበር ለመስበር ትክክለኛ መፈክር ነበር፤ እኔም በኩራት ነው የማነሣው። ነገር ግን ያንኑ መፈክር ይርካላ ብንወስደው ዮልንጉዎችን ባዶ እጃቸውን ይመልሳቸዋል፤ አላረሱማ! እኛም ዘንድ ከብቱን ይዞ ከቆላ ደጋ የሚመላለሰው አርብቶ አደር በመፈክሩ ውስጥ የት እንደቆመ አጥብቀን የጠየቅን አይመስለኝም። ለአንድ አገር በደል የተሳለ ቃል ለሌላው ላይቆርጥ ይችላል። በጥቅስ የምንዋጋ ሰዎች ይህን ብናስበው አይጎዳንም።

ሰሌዳዎቹስ? በ1974 ከክርስትና ጋር አይሄዱም ተብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው ውጭ ተጣሉ። ማዕከሉ በ1976 የተመሠረተው ራሳቸው ሠዓሊዎቹ በቆረጡት ውሳኔ ነበር፤ በ1978 የተጣሉትን ሰሌዳዎች አንሥቶ አስገባቸው። በ1988 ሙዚየም ተከፈተ፤ በ1998 ደግሞ ለሰሌዳዎቹ ብቻ የተሠራው አዳራሽ ተመረቀ። የቤቱን ጠባይ የሚወስነው ይህ ታሪክ ይመስለኛል። ሰሌዳዎቹ ለሽያጭ አይደሉም። በዚያው ጣሪያ ሥር በየቀኑ ሥዕል ይሸጣል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አይሸጡም። እንግዳ ሊያያቸው ይችላል፤ ስለ እነርሱ የሚነገረው ግን ባለቤቶቹ የፈቀዱት ደረጃ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትርጉም ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው ዕድሜ፣ በሥርዓቱ ይሰጣል።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል። እኛ ሐያሲዎች ደግሞ ሥራችን ከባለቤቱ በላይ ማወቅ ይመስለናል። ሥውር የሆነ ትርጉም ካየን ካልፈለፈልነው እንቅልፍ የለንም። ይርካላ ግን «እዚህ ድረስ» ይለናል። መጀመሪያ ይህ አስቆጥቶኝ ነበር፤ ጥበብ የሰው ልጅ ሁሉ አይደለችም እንዴ? ብዬ ነበር። በኋላ ግን የ1963ቱን ፓርላማ አሰብኩ። እርሱም እኮ ሁሉን ማየት የሚችል መስሎት ነበር፤ ያየውም ጌጥ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1996 ጋራንጋሊ በተባለው የአዞ ቅዱስ ስፍራ ያለ ፈቃድ ባራመንዲ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ተገኘ፤ እዚያም የተቆረጠ የአዞ ራስ ተጥሎ ነበር። የጎሣው መሪ ጃምባዋ ማራዊሊና ሌሎችም ሠዓሊዎች ድንጋይ አላነሡም። አርባ ሰባት ሠዓሊዎች ሰማንያ የቅርፊት ሥዕል ሠርተው የባሕሩን ውኃ ንድፍ በንድፍ አስመዘገቡት፤ ስብስቡም በሲድኒ የባሕር ሙዚየም ገባ። በባሕሩ ዳርቻ ላይ የተደረገው ሙግት በ2008 በአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ለባለመሬቶቹ ተፈረደ፤ ማዕበሉ የሚሸፍነውና የሚገልጠው ዳርቻ ከመሬቱ ጋር የእነርሱ ነው ተባለ። ሥዕሉ ብቻውን አላሸነፈም፤ ጠበቃም ሕግም ነበር። ሆኖም ሥዕሎቹ የሚሉትን ነገር ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ሰማው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሁለተኛውን ጓደኛችንን የሚያስደስተው ይመስላል። «ይኸው፣ ሥዕል መሣሪያ ነው!» ሳይል አይቀርም። ቆይ፣ አትቸኩል። የሙንጉራዉይ ልጅ ኛፓኛፓ ዩኑፒንጉ በዚሁ ማዕከል ትሣል ነበር። በ1975 ጎሽ ወግቷት ለጥቂት ተርፋለች፤ ይህንኑ በቅርፊት ሣለችውና በ2008 ከፊልም ጋር ተቀናብሮ ትልቅ የብሔራዊ ውድድር ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ ምን አደረገች? የጎሣ ንድፍም፣ ታሪክም የሌለበት መስመርና ቀለም መሣል ጀመረች። ትርጉሙን ሲጠይቋት «ማይሊሚሪዉ» ነው ትላለች፤ ትርጉም የለሽ ማለት ነው። አባቷ ሥዕልን ማስረጃ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ናቸው፣ እርሷ እጇን ለእጇ ደስታ አሠራችው። ማዕከሉ ሁለቱንም በአንድ ግድግዳ ያኖራል። እስከ 2021 ሞቷ ድረስ «ለትግል የማይጠቅም» ብሎ ያባረራት የለም። የመጀመሪያው ጓደኛችንም ቢሆን እዚህ ላይ አይፎክር፤ ኛፓኛፓ ያለ ትርጉም የመሣል ነጻነት ያገኘችው አባቶቿ በትርጉም ባስከበሩት ቤት ውስጥ ነው።

ቤቱን ማሞገስ ብቻ ግን ሂስ አይሆንም። ሥዕሉ የሚሸጠው ሩቅ ላለ ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሥዕሉ ጋር ታሪኩን የሚገልጽ ወረቀት አብሮ ይሄዳል። ገዢው ወረቀቱን አንብቦ «ገባኝ» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ተመልሶ የ1963ቱ ዳር ይሆናል፤ ታይፕ የተመታው ይነበባል፣ የተሣለው ይታያል እንጂ አይነበብም። ገበያው የሚወደው የሚብለጨለጨውን ነው፤ የሚጠብቀውን አይወድም። ማዕከሉ ይህን ለብቻው ሊፈታው አይችልም። ከተመልካቹም የሚጠበቅ ድርሻ አለ፤ ያልተነገረውን ነገር እንዳልተነገረ አውቆ ከሥዕሉ ፊት መቆም።

በ2025 መጋቢት የአውስትራሊያ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የሙንጉራዉይ ልጅ ጋላርዉይ ዩኑፒንጉ ለጉማጅ ጎሣ ባስጀመሩት ክስ ላይ ውሳኔ ሰጠ፤ የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት ንብረት ነው፣ የፌዴራል መንግሥቱም ሲወስደው በአግባቡ መካስ ነበረበት አለ። ጋላርዉይ ፍርዱን አላዩትም፤ በ2023 አርፈዋል። ብላክበርን «ንብረት አይባልም» ካሉ ሃምሳ አራት ዓመት አለፈ፤ ቅርፊቱ ከተሣለ ደግሞ ስድሳ ሁለት።

እንግዲህ ለሁለቱ ጓዶች ይህን አቀርባለሁ። አንድን ሥዕል ስናይ «ለውበት ነው ወይስ ለሥራ?» ብለን ከመከራከራችን በፊት «የማን ነው? የመናገር ፈቃዱስ በማን እጅ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ይርካላ ቤቱን ለእንግዳ ከፍቷል፤ ቁልፉን ግን አልሰጠም። ቤትን መጋራት የሚቻለው እንዲህ ከሆነ ብቻ ይመስለኛል። የተለየ ሐሳብ ያለው በሚቀጥለው ቁጥር ይጻፍ፤ እኔም ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።