ቁጥር የተሰጠው መንደር፣ ስም ያጣ ሰፋሪ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል ተረታችን። ወደማያውቁት አገር ሄዶ ጎጆ መቀለስ ግን የብዙ ኢትዮጵያዊ ዕጣ ነው። ለመሆኑ ሥነ ጽሑፋችን ይህን ዕጣ እንዴት አድርጎ ተመልክቶታል?

ለመልካሙ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) አለልን። በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ ዲማ ጊዮርጊስ ይገባል። ሁለቱም ጎጃም ናቸው፤ ለልጁ ግን ዲማ ሌላ ዓለም ነው። ቅኔ ይማራል፣ ስም ያወጣል፣ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ሰብለ ወንጌልን ያስተምራል። ይሁንና ወላጆቹ የተሳሉት ስለት አብሮት ተጉዟል። ፍቅር ሲይዘው ሙግቱ ከፊታውራሪው ትዕቢት ጋር ብቻ ሳይሆን ከማንኩሳ ይዞት ከመጣው ስለት ጋርም ነው። ደራሲው የተረዱት ትልቅ ቁም ነገር ይኼ ይመስለኛል። ሰው አገር ሲለውጥ ያለፈ ኑሮውን እንደ አሮጌ ቁምጣ አውልቆ አይጥልም።

በዚህ ሚዛን የ1977ቱን ሰፈራ እንመዝነው። ከዚያ ክፉ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ጎጃም ውስጥ ወደሚገኘው መተከል ተጋዘ። የደጋውን ገበሬ የቆላ ወባ ተቀበለው። ፓዊ ላይ መንደሮቹ እንኳ የሚጠሩት በቁጥር ነበር።

ስለዚህ ሕዝብ የተጻፈው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። በደርግ ዘመን ሰፋሪው እሸት ታቅፎ የሚስቅ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በግድ ተጭኖ የሚያለቅስ ሆነ። ሁለተኛው ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከልጁና ከሚስቱ ተነጥሎ የተጫነው ብዙ ነው። ነገር ግን የሚስቀውም የሚያለቅሰውም ስም የለውም። እንደ መንደሩ ቁጥር ነው።

ጥያቄው ሰፋሪው እንዴት ሄደ ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛው ክረምት ምን አደረገ? የመጀመሪያውን ሬሳ ከማን ጋር ቀበረ? ዕድሩን ከማን ጋር አቆመ? የወሎዋ እናት ገበያ ወጥታ ከጉሙዟ ሴት ጋር በምን ቋንቋ ተግባባች? ልብ ወለድ ሥራው ይኼ ነበር። ደግሞም አዲስ ኑሮ በባዶ ምድር ላይ አይጀመርም። እያፈራረቀ የሚያርስበትና የሚያድንበት መሬት የተወሰደበትን ጉሙዝ ከጫካው ጋር እንደ ዳራ ብቻ የሚስል ደራሲ፣ ታሪኩን በግማሹ ጽፏል።

«ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አላለፈም። በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ ሰው ሲገደልና ሲፈናቀል፣ «ነባር»ና «መጤ» የሚሉት ቃላት ምን ያህል ስለት እንዳላቸው አይተናል። እነዚያን ቃላት ሊያዶለዱም ይችል የነበረው ጎረቤትን በስሙ የሚያስተዋውቅ ድርሰት ነበር። በሰፈራው መንደር የተወለዱት ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው። ለእነሱ ፓዊ ሰፈራ ሳይሆን እትብታቸው የተቀበረበት አገር ነው። የአባቶቻቸውን ስለትና የጎረቤቶቻቸውን ቁስል አንድ ላይ የሚጽፍ ብዕር ምናልባት ከመካከላቸው ይወጣ ይሆናል። ያን ብዕር ስንፈልግ ግን ዓይናችን ከአዲስ አበባ ትንሽ ራቅ ማለት አለበት።