ልጓም በስፌቱ ይመረጣል

በእንግሊዝ አገር ትልቅ የፈረስ ትርኢት ላይ ለዳኛ የቀረበን የአደን ፈረስ ራስ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው የጌጥ አለመኖር ነው። ዘርፍ የለ፣ ብር የለ፣ ቀለም የለ። ጥቁር ቡናማ ጠፍር በግንባሩ ላይ ያልፋል፣ ሁለት ጠፍሮች በጉንጩ በኩል ይወርዳሉ፣ ሰፋ ያለ ሌላ ጠፍር አፍንጫውን ይዞራል፤ አለቀ። ይህ ልጓም ግን በጥሩ ባለ እጅ የተሠራ ከሆነ ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነው። አጠገቡ የቆመው ፈረስ ያደረገውና ከሩቅ ሲያዩት ምንም የማይለየው ልጓም ደግሞ የዚያን ሩብ እንኳ ላያወጣ ይችላል።

የእኛ ዓይን የለመደው ሌላ ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረስ ስም የምንጠራ ሰዎች፣ የክብር ፈረስ ሲባል የሚታየን መጣብሩ ነው። ዛሬም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲወጡ ሜዳው የሚደምቀው በፈረሶቹ ሽልማት ጭምር ነው። የእንግሊዝ የትርኢት ልማድ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። ዳኛው የሚመዝነው የፈረሱን ቁመና፣ አረማመድና ጠባይ ስለሆነ ልጓሙ ዓይን እንዲስብ አይፈለግም። ጌጡ ሁሉ ሲነሣ የሚቀረው የቆዳው ጥራትና የሠሪው እጅ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘቡ ላጠረው ገዢ መልካም ዜና ነው፤ ቆዳና ስፌት ማየት ለቻለ ሰው ምንም የተደበቀበት ነገር የለምና።

ከመግዛት በፊት ፈረሱ በየትኛው ክፍል እንደሚወዳደር ማወቅ ይቀድማል። ሃንተር የሚባለው የአደን ፈረስ ሰፋና ጠንከር ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ያላጌጠ ልጓም ይፈልጋል። የጉንጩ ጠፍር ከ16 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ለዚያ ትልቅ ራስ ይመጥናል። ሃክ ለሚባለው ቀጠን ያለ የሽርሽር ፈረስና ለትርኢት ድንክ ፈረሶች ግን ጠፍሩ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፤ የግንባራቸው ጠፍርም በባለ ቀለም ሐር ወይም ከፋይ ይሸፈናል። ቀጭኑን ልጓም ለአደን ፈረስ ያደረገ ሰው የፈረሱን ራስ ከልኩ በላይ ግዙፍ አስመስሎ ያሳያል። ሰፊውን ለድንክ ፈረስ ያደረገ ደግሞ ያንን ያማረ ፊት ይሸፍነዋል። ይህን ሳያውቁ የተገዛ ልጓም የቱንም ያህል ቢረክስ ኪሳራ ነው።

የልጓም ሥራ ሙያ አገሩ ዎልሶል ነው። በእንግሊዝ መካከል ከበርሚንግሃም አጠገብ ያለች ከተማ ስትሆን የእግር ኳስ ቡድኗ እንኳ ቅጽል ስሙ «ኮርቻ ሠሪዎቹ» ነው። ከተማዋ መጀመሪያ የታወቀችው በብረቱ ሥራ፣ ማለትም በአፍ ብረት፣ በእርካብና በዘለበት ነበር፤ ቆዳው ብረቱን ተከትሎ መጣ። ሙያው በእንግሊዝ አገር የቆየ ለመሆኑ ማስረጃ ካስፈለገ፣ የለንደን የልጓም ብረት ሠሪዎች ማኅበር ደንብ የወጣው በ1261 እ.ኤ.አ. ነው። ዎልሶል ዛሬ የቆዳ ሥራ ሙዚየም አላት፤ ከዚያ አልፎ ግን በእጃቸው የሚሰፉ ሰዎች አሁንም የሚሠሩባቸው ቤቶች አሏት።

ከቆዳው እንጀምር። ለጥሩ ልጓም የሚሆነው የከብት ቆዳ በዛፍ ቅርፊት የለፋ ነው። በዴቨን ክፍለ ሀገር ኮሊተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው የቤከር ቤተሰብ የቆዳ ፋብሪካ እስካሁን በኦክ ዛፍ ቅርፊት ያለፋል፤ ቆዳው በጉድጓድ ውስጥ ተነክሮ የሚቆየው ዓመት ገደማ ነው። ከለፋ በኋላ ሞራ፣ የዓሣ ዘይትና ሰም እስኪጠግብ ይታሻል። ከአንድ ቆዳ ውስጥም ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የጀርባው ክፍል ጭረቱ የተጠጋጋና የማይለጠጥ ሲሆን የሆዱ ክፍል ልል ነው። በሆድ ቆዳ የተሠራ ዛብ በአንድ ወቅት ውስጥ ይረዝማል፤ የጉንጭ ጠፍር ከሆነም አንዱ ከሌላው ይበልጥና የአፍ ብረቱ ወደ ጎን ያጋድላል።

ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጠፍሩን በጣትዎ መካከል ይዘው የላይኛውን ፊት ወደ ውስጥ ያጥፉት። የሚወጡት መስመሮች ደቃቅና የተጠጋጉ ከሆኑ ከጀርባ የተቆረጠ ነው፤ ፊቱ ከሥሩ ተላቅቆ እንደ ትቦ ካበጠ ልል ቆዳ ነው። ቀጥለው ወደ ውጭ ያጥፉት። በቀለም ብቻ የተሸፈነ ርካሽ ቆዳ እዚህ ላይ ይሰነጠቅና ከሥሩ ሌላ ቀለም ያሳያል። ከዚያ የተቆረጠ ጠርዝ ወይም አንዱን የዘለበት ቀዳዳ ይመልከቱ። መሐሉ ቡናማ ከሆነ በቅርፊት የለፋ ነው፤ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ቢመስል በክሮም ለፍቶ ከላይ የተቀባ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ገልብጠው የሥጋውን ወገን ይዩ። ልስልስና የታሸ መሆን አለበት እንጂ ጭገር የሚያበዛ ወይም በወፍራም ቀለም የተለሰነ መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። አዲስ የእንግሊዝ ልጓም ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ይታያል። ሻጋታ መስሎት ጥሎት የሚሄድ አለ፤ ሻጩን አጭበርባሪ የሚል አለ። ነገሩ ግን ቆዳው የጠጣው ሞራና ሰም ወደ ላይ መውጣቱ ነው። በጨርቅ ቢያሹት ይጠፋና ቆዳው ይጠቁራል፣ ያበራል። ይህ ነጭ ነገር ቆዳው በልቶ የጠገበ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ሊያስደስት እንጂ ሊያስደነግጥ አይገባም።

አሁን ወደ ስፌቱ። አንድ ባለ እጅ ሥራውን በጉልበቶቹ መካከል በሚይዘው የእንጨት መቆንጠጫ ውስጥ ያስገባል። በንብ ሰም የታሸ አንድ ረጅም የተልባ እግር ክር ይዟል፤ በክሩ ሁለት ጫፎች ሁለት መርፌዎች አሉ። መጀመሪያ በጥርሳም ብረት በጠፍሩ ላይ እኩል ምልክት ያትማል። ከዚያ ወስፌውን ያነሣል። የዚህ ወስፌ ጫፍ ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ዘመም ያለ ነው። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ በአንድ ዓይነት ዝንባሌ ይወጋል፤ ሁለቱን መርፌዎች በዚያው ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ያሳልፋል፤ ይስባል። ወስፌው በእጁ ውስጥ ትንሽ እንኳ ቢዞር ያ ስፌት ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይታያል። በጥሩ ሥራ ላይ ግን ሁሉም ስፌት ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ፣ እኩል ረዝሞ፣ እኩል ጠልቆ ይሰለፋል።

የዚህ አሰፋፍ ጥቅም ውበቱ ብቻ አይደለም። ከሁለቱም ወገን የሚሄዱት ክሮች አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የመኪና ስፌት ግን ሁለት ክሮች በመሐል ተቆላልፈው የሚሠራ ስለሆነ አንዱ ሲለቅ ተከታዩም ይለቃል። ስለዚህ ጠፍሩን ይገልብጡት። ጥሩ ጥለት በጀርባው እንደሚታወቅ ሁሉ ልጓምም ከታች ነው የሚታወቀው። ከላይ ያማረው ስፌት ከታች ተዝረክርኮ ወይም ክሩ በላዩ ተጋድሞ ከታየ መኪና ነው። ጫፉ በእሳት ቀልጦ ጠንካራ ነጠብጣብ ሆኖ ካለቀም ክሩ ናይሎን ወይም ፖሊስተር ነው። በእጅ የተሰፋው ሲያልቅ ሁለት ስፌት ወደ ኋላ ተመልሶ ከቆዳው ጋር እኩል ይቆረጣል።

የስፌቱ ብዛትም ይነገራል። ለዘወትር ሥራ የሚሆን ልጓም በአንድ ኢንች ውስጥ ከ8 እስከ 10 ስፌት ቢኖረው ደኅና ነው። ለትርኢት የሚሠራው 12ና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አያታልልዎ። በልል ቆዳ ላይ የተጠጋጋ ቀዳዳ ቆዳውን ለመቀደድ ያዘጋጀዋል። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት የሚያምረው ጥቅጥቅ ያለ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ነው።

ከስፌቱ ቀጥሎ ጠርዙን ማየት ነው። ጥሩ ሠሪ የጠፍሩን ሹል ጠርዝ ይልጠዋል፣ ያቀልመዋል፣ በሰም እያሸ ያለሰልሰዋል። ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎም በጋለ ብረት ቀጥ ያለ ስስ መስመር ያሰምራል። ያ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይንቀጠቀጥ ከሄደ ሠሪው የተረጋጋ እጅ አለው። ቀጥሎ የጠፍር ጫፎች የሚገቡባቸውን ትንንሽ የቆዳ ቀለበቶች ይሞክሯቸው። ጠፍሩ በጥቂት ትግል የሚገባበት፣ ከገባ በኋላ ግን ጫፉ ንቅንቅ የማይልበት ቀለበት በሚገባ የተሠራ ነው። የሰፉ ቀለበቶች ያሉት ልጓም ፈረሱ ሲሮጥ ጫፎቹ እየወጡ ይወዛወዛሉ፤ ዳኛውም ይህን ያያል። የአፍንጫው ጠፍር ከፍ ብሎ የተሞላ ከሆነ በጥፍርዎ ይጫኑት። ውስጡ ቆዳ ከሆነ ይቋቋማል፤ ስፖንጅ ከሆነ ይሰረጉዳል።

ብረቱ ብዙ ማለት አያስፈልገውም። የማይዝግ ብረት ወይም ጥሩ ነሐስ ይሁን። የተለበጠ ዘለበት ልባጩ ሲላጥ ቆዳውን ይበላዋል። የዘለበቱ ምላስ በመሐል ማረፍና ሳይንገጫገጭ መታጠፍ አለበት። የጉንጩ ጠፍርና ዛቡ ከአፍ ብረቱ ጋር የሚያያዙባቸው መንጠቆዎች በውስጥ በኩል የተሰወሩ ናቸው። በእጅ ሲጎትቷቸው ቢላሉ አይግዙ፤ ፈረሱን የሚይዙት እነርሱ ናቸው።

ገንዘብ ያጠረው ሰው እንግዲህ ምን ያድርግ? የእኔ ምክር ያገለገለ የእንግሊዝ ልጓም እንዲፈልግ ነው። በደንብ የተያዘ የሃያ ዓመት ልጓም በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ርካሽ ልጓም ይበልጣል፤ ቆዳው ለስልሷል፣ ቀለሙ ጠልቋል፣ መለጠጥ ያለበትም ተለጥጦ አብቅቷል። ሲገዙ ግን ሁሉንም ዘለበት ፈትተው ይዩ። የሚበጠሰው ተደብቆ ባለው ቦታ ነው፦ የአፍ ብረቱ በሚንጠለጠልበት መታጠፊያ፣ በዘለበቱ ሥር፣ በቀለበቶቹ ውስጥ። ላብ ያደረቀውና የተሰነጠቀ መታጠፊያ በዘይት አይድንም። ክሩ ብቻ ከሆነ የላላው ግን አይሽሹ፤ ጥሩ ቆዳ እንደገና ይሰፋል፣ ዋጋ ለመቀነስም ምክንያት ይሆናል። እንዳይፈታ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ማትረፊያ በየክፍሉ መግዛት ነው። በከፍተኛ ክፍሎች ሁለት የአፍ ብረትና አራት ዛብ ያለው ልጓም ይለመዳል። ይህን በአንድ ጊዜ መግዛት ከባድ ነው። ባለ አንድ ብረቱን በደኅና ቆዳ ይግዙ፤ ሁለተኛውን ብረት የሚሸከመውን ቀጭን ጠፍርና ተጨማሪውን ዛብ በሌላ ጊዜ ይጨምሩ፤ ቀለሙና ስፋቱ እንዲገጥም ብቻ ይጠንቀቁ። ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚገባው ለራስና ለጉንጭ ጠፍር ነው። የግንባሩ ጠፍር ወጪው አነስተኛ ስለሆነ በኋላ በተሻለ ሊለወጥ ይችላል።

«የእንግሊዝ ቆዳ» የሚል ማኅተም «በእንግሊዝ የተሠራ» ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ። በብዙ ሱቅ የሚሸጠው ልጓም የሚሠራው ሕንድ ውስጥ፣ በተለይ ካንፑር ነው። ከዚያች ከተማ በሳምንት የሚበጠስም በዓመታት የማይበገርም ይወጣል። ማኅተሙን ትተው ከላይ ያልነውን ፈተና ይፈትኑት፤ ካለፈ ከየትም ይምጣ።

ልኩን አለመርሳት ነው። ዘለበቶቹ ሁሉ በመካከለኛው ቀዳዳ ወይም በአጠገቡ ሲቆለፉ ልጓሙ የዚያ ፈረስ ነው። ሁሉም በመጨረሻው ቀዳዳ ካበቃ ለሌላ ፈረስ የተሠራ ነው። የግንባሩ ጠፍር የጆሮውን ሥር መጫን የለበትም፤ በጉሮሮው ጠፍርና በጉንጩ መካከል አራት ጣት ይግባ።

አያያዙ ቀላል ቢሆንም ችላ አይባልም። ላቡን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በኮርቻ ሳሙና ማሸት፣ ከእሳትና ከጠራራ ፀሐይ ማራቅ፣ ዘይት ማሳነስ። ዘይት ሲበዛ ቆዳው ይላሽቃል፣ ክሩም ይበሰብሳል። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?

ልጓም ለፈረስ አያሸንፍለትም፤ መጥፎ ልጓም ግን ጥሩ ፈረስን ያሳንሳል። ስለዚህ ለመግዛት ሲወጡ አዲሱንና የሚያብረቀርቀውን ይለፉት። ያልተጌጠውን ያንሡ፣ ያጥፉት፣ ይገልብጡት፣ ስፌቱን ይቁጠሩ። ያንን ካለፈ ገንዘብዎን ያውጡ፤ ካላለፈ ሌላ ጊዜ ይመለሱ።