ጥቅሙ የአላህ፣ ጥፋቱ የአጥፊው

ውድ አንባቢ! አንድ ሰው የሠራው በደል መልካም ነገር ቢያስከትል በዳዩ ከተጠያቂነት ይድናልን? ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚኖሩባቸው በጭሮና በአካባቢዋ ከተሞች ይህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። «ይሁዳ አሳልፎ ባይሰጠው ኖሮ እናንተ የምትሉት መዳን ከየት ይመጣ ነበር? ታዲያ ለምን ይኮነናል?» በማለት ክርስቲያኑን መልስ ያሳጡት የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ክርክራቸው ግን ሚዛን የለውም።

ስቅለቱን እኛ የማንቀበል መሆናችን በሱረቱ አን-ኒሳእ የተገለጸ ነው። ይሁን እንጂ የሌላውን እምነት የሚተች ሰው አስቀድሞ ባለቤቶቹ የሚሉትን ማወቅ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጲላጦስን ከቅዱሳን ትቆጥራለች፤ ይሁዳን ግን ትኮንናለች። በእነሱ ትምህርት የሁለቱም ሥራ ወደ ስቅለቱ ያደረሰ ነው። የተገኘው ጥቅም ሰውን የሚያጸድቅ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል በከበሩ ነበር። ጲላጦስ የከበረው በፈረደው ፍርድ ሳይሆን፣ በግእዝ የተጻፉ ድርሳናት «በኋላ አመነ፣ ለእምነቱም ሞተ» ብለው ስለሚተርኩለት ነው። ይሁዳም ተጸጽቶ ሠላሳውን ብር እንደ መለሰ የማቴዎስ ወንጌል ይናገራል፤ ነገር ግን ከምሕረት ተስፋ ቆርጦ ታንቆ ሞተ ይላሉ። እንግዲህ እነሱም የሚመዝኑት የሰውየውን ልብ እንጂ ከሥራው የተገኘውን ትርፍ አይደለም።

እኛስ ዘንድ? የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወንድሞች ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። አላህ (ሱ.ወ.) በዚያው ሰበብ በረሃብ ዘመን የሚመግባቸውን ሰው አዘጋጀላቸው። ታሪኩ በቁርኣንም በኦሪት ዘፍጥረትም አለ። ወንድሞቹ ግን «ጠቀምንህ» አላሉም፤ ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ ለመኑ። የመካ ቁረይሾችም ሶሓቦችን በማሠቃየታቸው በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ መጡ፤ እስልምናም በዚሁ ሰበብ አገራችን ገባ። ስለዚህ ቁረይሾችን የሚያመሰግን ሙስሊም አለን?

ነገሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ገበያም ይገባል። በገለምሶ አንድ ደላላ የገበሬውን ጫት ዋጋ አጭበረበረው እንበል። ገበሬው ገንዘቡን ሲጠይቅ አመሸና መኪናው ጥሎት ሄደ፤ ያ መኪናም መንገድ ላይ ተገለበጠ። ገበሬውን ያተረፈው አላህ ነው። ደላላው ኒያው ማጭበርበር ነበርና ከዚህ መልካም ነገር አንዳች ድርሻ የለውም፤ የገበሬው ገንዘብም ዛሬም ዕዳው ነው።

ውድ አንባቢ! «ለኸይር ነው» የሚለውን ቃል ተበዳዩ ሲናገረው ሶብር ነው። በዳዩ ሲናገረው ግን በአላህ ቀደር ጥፋቱን መሸፈኑ ነው። ሙሽሪኮችም «አላህ ባይሻ ኖሮ ባላጋራን ነበር» የሚል ሰበብ እንደሚያቀርቡ፣ ሰበባቸውም ተቀባይነት እንደሌለው ሱረቱ አል-አንዓም ያስተምረናል። በዳይ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «ከዚህ በደል መልካም ነገር ወጥቷል» ቢል፣ በጎውን ለአላህ ትተን «የሰውየውን ሐቅ መልስ» እንበለው።