ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ

ማታ ማታ የስልክ ሪቪው አያለሁ። ሱስ ነው ብል ይቀላል። የምገዛው ስልክ የለም፤ በአስተማሪ ደሞዝ የሚገዛም አይደለም። ግን ሰውየው የካርቶኑን ጠርዝ በቢላ ሲሰነጥቅ፣ ላስቲኩን ቀስ አድርጎ ሲልጥ፣ ስልኩን መብራት ላይ ሲያገላብጥ ሳይ ደስ ይለኛል፤ በቃ ምክንያቱን አትጠይቁኝ። (ሪቪው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ግምገማ ብል ስብሰባ የሚመስለው ሰው አለ።) ጠዋት ደግሞ ክፍል እገባለሁ። የማስተምረው አይሲቲ ነው፤ ዘጠነኛ እና አሥረኛ ክፍል። 58 ተማሪ፣ 22 ኮምፒውተር፣ ከ22ቱ የሚነሱት 13። ቅዳሜ ከሁለት ሬሳ አንድ ነፍስ ያወጣሁላትን ከቆጠርን 14።

የማታው ቴክኖሎጂ እና የጠዋቱ ቴክኖሎጂ አይተዋወቁም። ለረጅም ጊዜ ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እነሱ ሀብታም፣ እኛ ድሃ፣ አለቀ። አሁን ግን ልዩነቱ የአተራረክም ይመስለኛል። ስለ ዕቃ የምንሰማው ታሪክ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ እኔ የምሠራው ደግሞ ታሪኩ ከቆመበት በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

የሪቪው ቪዲዮን እንደ አንድ የድርሰት ዓይነት እንየው። የራሱ ሕግ አለው። መግቢያው ካርቶን ነው። ባለታሪኩ ብቻውን ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ሰው እጅ አይታይም። ጊዜው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ቢበዛ ሁለተኛው ሳምንት። ካሜራው በጨለማ እንዴት ያነሳል? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ጌም ሲጫወቱበት ይግላል ወይ? መጥፎ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ጓደኞቼ «የቱን ልግዛ?» ሲሉኝ እኔም እነዚሁን ነው የምደግምላቸው። ግን አንድ ሃያሲ የልብ ወለዱን ሽፋንና የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ አንብቦ ነጥብ ቢሰጥ እንስቅበት ነበር። በስድስተኛው ወር የቻርጀሩ ቀዳዳ ሲላላ፣ ገመዱን አዘንብለህ፣ በላስቲክ አስረህ፣ ከላይ መጽሐፍ ስትጭንበት፣ እዚያ ምዕራፍ ላይ ሃያሲ የሚባል ሰው የለም።

የዚህ ድርሰት ዓይነት ትልቁ ሥራ ግን የተነገረው ስለ ስልክ አይደለም። ስለ እኛው አገር ነው።

በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ኦሮሚያ ውስጥ በሁለት ቦታዎች፣ ወንጪ እና ወለንጪቲ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ 40 ያህል ልጆች ታብሌት ሰጠ። ሞቶሮላ ዙም የሚባለው ነበር፤ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ። ካርቶኖቹ እንደታሸጉ ነው የቀረቡት። መመሪያ የለም፣ አስተማሪ የለም። ከዚያ በጥቅምት 2005 የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ቆሞ የሆነውን ተረከ። በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይጠቀም ነበር። በ2 ሳምንት የኤቢሲን ዘፈን ይዘፍኑ ጀመር። በ5 ወር አንድሮይድን ሀክ አደረጉ፤ ካሜራው ተዘግቶ ነበር፣ ከፈቱት።

እስቲ ምቱን ስሙት። አራት ደቂቃ፣ አምስት ቀን፣ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ወር። እንደ ተረት ያድጋል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው ይገዝፋል፣ መጨረሻ ላይ ትንሹ ልጅ ግዙፉን ይጥለዋል። ጥሩ ተራኪ ነው፣ አልክድም። መጀመሪያ ሳነበው ኮርቼ ነበር፣ ኩራቱ አሁንም አልወጣልኝም። ደግሞም ውሸት አይደለም፤ ልጅ ብቻውን ይማራል። ማንም ሳያሳየው የቤቱን ቴሌቪዥን ቻናል የሚያስተካክል የስድስት ዓመት ልጅ የሌለበት ሰፈር የለም።

ሁለተኛ ሳነበው ግን ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ታሪኩ ውስጥ ትልቅ ሰው የለም። በዚያው ጊዜ ስለ ሙከራው የወጣው ዘገባ ግን ትልልቅ ሰዎችን ያነሳል፤ የመንደሩ አዋቂዎች የፀሐይ ቻርጀሩን አጠቃቀም ተምረዋል፣ አንድ ቴክኒሺያን ደግሞ በሳምንት አንዴ እየመጣ ልጆቹ ምን እንደነካኩ የተመዘገበበትን ሜሞሪ ካርድ ይቀይር ነበር። በሳምንት አንዴ! ወንጪ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ያለ አገር። ያ ሰውዬ ያን ዳገት ስንት ጊዜ ወጣ? ልጆቹ ሲያዩት ምን ይሉት ነበር? አንዱ ልጅ ታብሌቱን ይዞ «ይሄ እንቢ አለኝ» አላለውም? እኔ ብጽፈው ዋናው ገጸ ባሕርይ እሱ ይሆን ነበር። በሰማነው ታሪክ ውስጥ ግን እሱ ከጠረጴዛው ውጪ ያለ እጅ ነው፤ ልክ እንደ ሪቪው ቪዲዮው።

ዘፈኑም አለ። የኤቢሲ ዘፈን። የወንጪ ልጅ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። ዘገባው አንድ ልጅ የመሳያ አፑን ከፍቶ አንድ ቃል እንደጻፈ ይናገራል፤ ቃሉ «ላየን» ነበር፣ በእንግሊዝኛ። ሌንጫ አይደለም። የእንስሳ ሥዕል ያሳየው ጨዋታ የሚያውቀው ስም ያ ብቻ ነዋ። ተራኪው በቃሉ መጻፍ ይደነቃል፤ ልጁ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ሲያሳያት ምን እንደተባባሉ ግን አይጠይቅም።

47ም እንደዚሁ። መክፈትን ነው የሚቆጥረው። የኔ ተማሪዎችም በቀን 47 አፕ መክፈት አያቅታቸውም። በካፕካት የሚያቀናብሩትን ቪዲዮ ሳይ እቀናለሁ። ከዚያ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣቸዋለሁ፣ ግማሾቹ ሞኒተሩን በጣታቸው ይነካሉ። ይሄ ያስቃል፣ ያልፋል። የማያልፈው ሌላ ነው። አንድ ልጅ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጽፎ፣ ሴቭ አድርጎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣና «ቲቸር፣ የት ሄደ?» ይለኛል። ፋይል የሆነ ቦታ እንደሚቀመጥ፣ ቦታው ስም እንዳለው፣ ስሙን አንተ እንደምትሰጠው ስልኩ አልነገረውም። ስልክ ይህን እንዳትጠይቀው ተደርጎ ነው የተሠራው። የዓመቱን ግማሽ የምፈጀው ለዚያች ጥያቄ መልስ በመስጠት ነው። መብራት ባለበት ቀን ማለቴ ነው። በሌለበት ቀን ፎልደር በጠመኔ እንሥላለን።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ከዚያ ዘገባ ውስጥ ልቤ የቀረበት አንድ ነገር አለ። ድርጅቱ የታብሌቶቹ ገጽታ እንዳይቀየር በሶፍትዌር ቆልፎት ነበር። ልጆቹ ቁልፉን አለፉት፤ የእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ከሌላው የተለየ መልክ ያዘ። ይሄ ከካሜራው ይበልጥብኛል። የኔ ነው ማለት እንዲህ ነው።

«ያለ አስተማሪ» የሚለው ሕልም ለኛ ትውልድ አዲስ አይደለም። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ ይመጣልን ነበር። የክፍሉ አስተማሪ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ። መሀሉ የስክሪኑ ነው። ፕላዝማዋ መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ማንም አልመለሰም፣ «ቬሪ ጉድ» ትለናለች። እንስቅ ነበር። የፊዚክስ አስተማሪያችን ግን አይስቁም ነበር። በሩ አጠገብ ቆመው፣ ጠመኔ ይዘው፣ ስክሪኑን እንደኛው ያያሉ። ያኔ ሰነፍ ይመስሉኝ ነበር። አሁን እኔ በሩ አጠገብ ስቆም ነው የገባኝ። ሃያ ዓመት ያስተማሩትን ትምህርት አንድ ዕቃ ፊታቸው ላይ ያስተምርባቸው ነበር፤ ማቆሚያ ቁልፍ እንኳ አልነበራቸውም።

አሁንም ግን ማታ ማታ ሪቪው አያለሁ። ጸረ ዕቃ ሰው አይደለሁም፤ አዲስ ታብሌት ቢሰጡኝ ካርቶኑን በ4 ደቂቃ አልጠብቅም፣ በ1 ነው የምከፍተው።

ባለፈው ሴሚስተር ግን አንድ ነገር ሞከርኩ። ለአሥረኛ ክፍሎች ሪቪው ጻፉ አልኳቸው። ሁለት ደንብ ብቻ፦ ዕቃው ቢያንስ አንድ ዓመት የተጠቀማችሁበት ይሁን፣ ነጥብ አትስጡ፣ ነጥቡን እኔ እሰጣለሁ። የተወሰኑት ከኢንተርኔት ገልብጠው መጡ፤ ስናፕድራገን፣ ሜጋፒክስል፣ ቤታቸው የሌለ ስልክ። አንዱ ስለ አባቱ ባለ ቁልፍ ስልክ ጽፎ «ባትሪው ሲያልቅ ባትሪው አይበራም» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባ። ሁለቱም ባትሪ ትክክል ናቸው፣ ምን ብዬ ላርመው?

አንዲት ልጅ ደግሞ ስለ እናቷ ስልክ ጻፈች። የማንም ሪቪው የማይጀምርበት ቦታ ላይ ነው የጀመረችው፤ ስልኩ በስንት ሰዓት የማን እንደሆነ። ቀን ቀን የእናቷ ነው፣ ደንበኛ ይደውልባቸዋል። ከማታው 2 ሰዓት እስከ 3 ተኩል የሷ ነው። ከዚያ የታላቅ ወንድሟ። ስክሪኑ መቼ እንደተሰነጠቀ ጻፈች፣ ማን እንደጣለው አልጻፈችም። «ጸ»ን ለማግኘት ስንት ጊዜ መጫን እንዳለባት ቆጥራለች። መማሪያ መጽሐፉ ታትሞ ሳይደርሰን ፒዲኤፉን በቴሌግራም ስልክላቸው ሜሞሪው ሞልቶ እንደነበረም ጻፈች። እንደዚያ ሲሆን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምን ይጥፋ ብሎ ይመካከራል። አያቷ የመረቁበት ቪዲዮ አለ፤ አያቷ አሁን የሉም። እሱ አይጠፋም ተባለ። የአጎቷ ሠርግም አይጠፋም። የኬሚስትሪው ፒዲኤፍ ጠፋ።

ከ10 8 ሰጠኋት። ሁለቱን የቀነስኩት ስለ ቻርጀሩ ምንም ስላልጻፈች ነው። ወረቀቱን ስመልስላት አይታ፣ «ቲቸር፣ ቻርጀር እኮ የጎረቤት ነው» አለችኝ።