ዳዊት በሰባቱ ዕለታት

ስለ ሥነ ጽሑፋችን በተነገረ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚታሰቡት ልብ ወለዱና ግጥሙ ናቸው፤ ማለዳ ማለዳ በየቤቱ የሚደገመው መዝሙረ ዳዊት ግን የጸሎት መጽሐፍ ከመባሉ በቀር እንደ ድርሰት ሲመረመር እምብዛም አይታይም።

የዚህ መጽሐፍ ጥበብ በቃሉ ብቻ ሳይሆን በአከፋፈሉም ነው። አባቶች 150ውን መዝሙር ዐሥር ዐሥሩን «ንጉሥ» ብለው በ15 ንጉሥ ከፍለውታል፤ ይህንንም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አደላድለው ለእሑድ ጸሎተ ነቢያትንና መኃልየ መኃልይን ሰጥተዋል። ስለዚህ ደጋሚው መዝሙሩን አይመርጥም፤ ዕለቱ ይመርጥለታል እንጂ።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የሰኞው መዝሙር 12 በብሶት ጥያቄ ጀምሮ በተስፋ ይፈጸማል፤ የሐሙሱ መዝሙር 87 ግን መጽናኛ ሳያገኝ በጨለማ ያበቃል። ትናንት ሹመት ያገኘ ሰው ሐሙስ ጧት ይህን ሲደግም ወዳጅ የራቀውን የሌላውን ሰው እሮሮ በአፉ ይሸከማል።

ከቤቴ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አባቴ ባረፈ በሳምንቱ፥ ቅዳሜ ዕለት፥ እናቴ ከበሮና መሰንቆ የሚጠሩባቸውን የመጨረሻዎቹን የምስጋና መዝሙሮች ስትደግም ሰማኋት። «ዛሬስ ቢቀር ምናለበት?» ብላት፥ «ልጄ፥ ቀኑ የመዝሙሩ ነው እንጂ የኔ አይደለም» አለችኝ።

ልብ ያልተሰማውን ቃል ማነብነብ ግብዝነት ነው የሚል ይኖራል። ነቀፋው በከፊል እውነት ነው። እኔም የሥራ ሰዓት እንዳያልፍብኝ ስቸኩል ንጉሡን የቆጠርሁባቸው፥ ቃሉን ግን ያልሰማሁባቸው ጧቶች ብዙ ናቸው። ግዕዙን ሳያውቁ መሮጥም ያው ነው፤ ለዚህ ግን መምህራን በአማርኛ ያቆዩልን የዳዊት አንድምታ መድኃኒት ይሆናል። ይሁን እንጂ የችኮላ ጥፋት የአከፋፈሉ ጥፋት አይደለም። የወደዱትን ብቻ እየመረጡ መድገም የተሻለ መስሎ ቢታይም ቅሉ፥ እንዲህ የሚመርጥ ሰው በመጨረሻ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ጊዜ ያጠረህ እንደ ሆነ ዐሥሩን በሩጫ ከመጨረስ አምስቱን በማስተዋል ድገም፤ ከተራው ግን የከበደህን መርጠህ አትዝለል።