ውሃው ወዴት ይሂድ?

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱን ውሃ አብዛኛውን በጥቂት ሳምንታት አውርደው፣ ተዳፋቱን አጥበው፣ ደለሉን ወደ ተከዜ የሚሸኙበት ወቅት ነው። ከዚያው ምድር ወጥቶ በሚኒሶታ፣ በአልበርታ ወይም በኖርዌይ ኑሮውን የመሠረተ ሰው ግን ክረምት ሲል ቀኑ የሚያጥርበትን፣ ውሃ እንደ ጥጥ ተባዝቶ የሚወርድበትንና ከወደቀበት ሳይነቃነቅ የሚከርምበትን ጊዜ ማለቱ ነው። አማርኛ ከደመና የሚወርደውን ጠጠር መሰሉንም፣ ተከምሮ የሚያድረውንም፣ ረግቶ የሚጠጥረውንም በረዶ ብሎ ይጠራል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ሣር ላይ የሚነጣውን ስስ ግግር ደግሞ አመዳይ ወይም ውርጭ ይለዋል። ለመንገድ ሠሪ ሁሉም የአንዱ ውሃ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው፤ የሙያው ዋና ጥያቄም በሁለቱም አገር አንድ ነው፦ ውሃው ወዴት ይሂድ?

በበረዷማ አገሮች የመኪና መግቢያን፣ ማለትም ከመንገዱ እስከ ቤቱ በር ያለውን ንጣፍ፣ ከሥሩ ማሞቅ የታወቀ ሥራ ነው። ሥራው በሁለት መንገድ ይከናወናል፤ አንደኛው በንጣፉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ መቅበር ሲሆን፣ ሁለተኛው በቦይለር የሞቀ ፈሳሽ በፕላስቲክ ቱቦዎች ውስጥ እንዲዘዋወር ማድረግ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የምትገኘው ክላማዝ ፎልስ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ሙቀት አንድ ዳገታማ መንገድ ማሞቅ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ በሚሺጋን ግዛት ያለችው ሆላንድ ከተማ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ ከኃይል ማመንጫዋ የሚተርፈውን ሙቀት በመሐል ከተማ መንገዶቿ ሥር ታሳልፋለች። በሁለቱም ዘንድ ሙቀቱ አስቀድሞ የነበረ ሀብት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ለብቻው ነዳጅ የሚገዛ ቤተሰብ ስሌቱ ይከብደዋል።

ስሌቱ የሚከብደው በረዶን ማቅለጥ ከሚገመተው በላይ ኃይል ስለሚጠይቅ ነው። በዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ 1 ኪሎ ግራም በረዶ ምንም ሳይሞቅ ውሃ ለመሆን ብቻ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህም ያንኑ ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ለማድረስ የሚበቃ ነው። አዲስ የወረደ 10 ሴንቲሜትር በረዶ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል ቢባል፣ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን መግቢያ ለማጽዳት ወደ 46 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ያለ ዕረፍት 13 ሰዓት ያህል ቢጣድ የሚፈጀው ማለት ነው። ይህም ወደ አየርና ወደ አፈር የሚባክነው ሳይቆጠር ነው፤ ስለዚህ ከቱቦው ሥር የሚነጠፈው ጠንካራ ፎም፣ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሸሽ የሚያግድ በመሆኑ፣ የሥራው ዋና አካል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም።

ሥራው ከታች ወደ ላይ ይነባበራል። ለም አፈሩ ተጠርጎ ጠጠር ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል፤ በላዩ ፎሙ፣ ከዚያም የፌሮ መረቡ ይዘረጋል፤ ቱቦው ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ባለ ርቀት እየተመላለሰ በመረቡ ላይ ይታሰራል፤ መጨረሻ ላይ ኮንክሪቱ ይፈስሳል። በቱቦው ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ ራሱ እንዳይረጋ ግላይኮል የተባለ ፀረ ብርድ ፈሳሽ ይቀላቀልበታል። ቅዝቃዜንና እርጥበትን ባንድነት የሚለይ ሴንሰርም ይተከላል፤ ቅዝቃዜ ብቻውን በረዶ አይደለምና ደረቅ ንጣፍ ማሞቅ ገንዘብን ማቃጠል ነው። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ቱቦው በግፊት ይፈተናል፤ በሚፈስበትም ጊዜ ግፊቱ እንዳለ ይቆያል፤ በአካፋ ወይም በጫማ የተጎዳ ቱቦ ቢኖር የመለኪያው ቀስት ወዲያው ዝቅ ብሎ ያሳብቃልና። ከዚያች ሰዓት በኋላ ስሕተት የሚታረመው ንጣፉን በመስበር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የቀለጠ በረዶ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ውሃ ሆኖ መሄጃ ይፈልጋል። ቦይ ካላገኘ ከሞቀው ንጣፍ ጠርዝ አልፎ ቀዝቃዛው እግረኛ መንገድ ላይ ይረጋና ከመጀመሪያው የባሰ ሙልጭልጭ ግግር ይሆናል፤ ወደ ስንጥቅ ከገባም ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። እንግዲህ እሳቱ የሥራው እኩሌታ ሲሆን፣ ሌላው እኩሌታ ፈሰስ ነው።

ይህን እኩሌታ የዋግ ደጋ ከቦይለር በፊት ያውቀዋል። በተዳፋት ማሳ ላይ የሚሠራ የድንጋይ ካብ ያለ ሲሚንቶ የሚደረደረው አፈሩን ይዞ ውሃውን በቀዳዳው እንዲያሳልፍ ነው፤ በሲሚንቶ የተገነባ ግንብ ግን የውሃ መውጫ ካልተተወለት ከጀርባው የተጠራቀመው ውሃ ይገፋዋል። ከሰቆጣ በስተደቡብ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ጠራቢዎቹ ከመሬት በታች የወረዱት አደባባዮች የዝናብ ገንዳ እንዳይሆኑ በአለቱ ውስጥ የውሃ መውረጃ ቦዮችን ፈልፍለዋል። ውሃው የሚወጣበት ባይታሰብ ኖሮ የጥርበቱ ጥልቀት ራሱ ለሕንፃው አደጋ በሆነ ነበር። በቅርብ ዘመን በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍም በዚሁ ሕግ ይኖራል፤ ጥርቡ ድንጋይ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ጎርፍ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ካጠበው ይሰረጉዳል።

በዚህ ደጋ ያደገ ግንበኛ በባዕድ አገር የሚሞቅ መግቢያ ሊሠራ ቢቆም፣ የቱቦውንና የሴንሰሩን ትምህርት አዲስ መማር ይኖርበታል፤ በሲባጎና በውሃ ልክ ቁልቁለት መስጠትን ግን ይዞት ሄዷል። ለ1 ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲሜትር ዝቅታ ይበቃል። ሰቆጣ ላይ የተሳሳተ ቁልቁለት በመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ይጋለጣል፣ ድንጋዩም ተነቅሎ ይታረማል፤ ኮንክሪት ግን ይህን ዕድል አይሰጥም። ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ ቦይለሩ ከመገዛቱና ቱቦው ከመታሰሩ በፊት፣ በተጠቀጠቀው ድልድል ጫፍ ላይ አንድ ጄሪካን ውሃ አፍስሶ፣ ውሃው ወዴት እንደሚያዘነብልና የት እንደሚቋጥር እስኪለይ ድረስ ቆሞ ይመለከታል።