ለመሰበር የተሠራ ክንፍ

በግንቦትና በሰኔ የጣና ውሃ ሲጎድል፣ ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሞተር ጥገና ይበዛል። በጥቅምት ውሃ የዋጠው ጥቁር ድንጋይ ያን ጊዜ ከላዩ ጥቂት ውሃ ብቻ ለብሶ ያደባል። ጀልባው ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ሲጠጋ ድንጋዩ ቀድሞ የሚያገኘው ከፕሮፔለሩ በታች ያለውን የሞተሩን ክንፍ ነው።

ክንፉ ጀልባው አቅጣጫውን ሳይስት እንዲሄድ ይረዳል፤ ድንጋይ ሲመጣ ደግሞ ለፕሮፔለሩና ለማርሹ ሲል ይሰበራል። ስለዚህ ባለ ጀልባዎች «ሁለተኛ እንዳይሰበር አድርገህ ሥራልኝ» ሲሉኝ እምቢ እላለሁ። ወፍራም ብረት በብሎን የታሰረበት ሞተር አይቻለሁ። ክንፉ ምንም አልሆነም፤ የማርሹ ቤት ግን ተሰንጥቋል። ያንን ለመተካት የሚወጣው ገንዘብ ከብየዳ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የተሰበረ ክንፍ ለብየዳ ሲመጣልኝ ፕሮፔለሩን እፈታለሁ፤ የማርሹን ዘይት አፈሳለሁ። የዘይቱን ብሎን መልሼ አልገጥምም፤ ውስጥ የታፈነ አየር ሲግል መውጫ ይፈልጋል። ከዚያ የስብራቱን ጠርዝ ከሁለቱም ጎን በግራይንደር አሾላለሁ።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ማጽዳቱ ነው። ስብራቱ ንጹሕ መስሎ ሳለ ሙቀት ሲነካው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ለዓመታት የጠጣው ዘይትና ቆሻሻ ነው። እዚያ ላይ ዝም ብሎ የበየደ ሰው ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣበታል። እኔ በቀስታ አሞቀዋለሁ፤ ብረት ነክቶ በማያውቅ የሽቦ ብሩሽ እፍቀዋለሁ፤ ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ድረስ እደጋግማለሁ።

ክንፉ አልሙኒየም ነው፤ አልሙኒየም ደግሞ ሊቀልጥ ሲል እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹሑ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ግን ከ2,000 በላይ ይፈልጋል። ያንን ሽፋን የሚሰብረው በአርጎን ሥር የሚሠራ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ዓይኔ የሚጠብቀው ላዩ ጠርቶ ማብረቅረቅ የሚጀምርበትን ቅጽበት ነው፤ ያኔ 5 በመቶ ያህል ሲሊከን ያለበትን 4043 ሽቦ እሰጠዋለሁ። የጎደለውን የምሞላው ከተጣለ የማርሽ ቤት በቆረጥኩት ቁራጭ ነው፤ ልኩን በካርቶን አወጣለሁ። አጠር አጠር አድርጌ እበይዳለሁ፤ በፕሮፔለሩ ዘንግ ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ እጠቀልላለሁ። እዚያ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ከተቃጠለ ክንፉ ቢያምርም ሞተሩ ተበላሽቷል።

በሞረድ ሳስተካክል የፊቱን ጠርዝ ክብ፣ የኋላውን ስስ አደርጋለሁ። ክንፉ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ መሪው ይጎትታል፤ ነጂው ቀኑን ሙሉ ሲታገለው ይውላል። መጀመሪያ የአልሙኒየም ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም እቀባለሁ፤ ሞተሩን ከመበላት የሚጠብቀውን አኖድ ግን ቀለም አላስነካውም።

ሞተሩን ሳስረክብ ነጂውን አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ጥቂት ከተመላለስክ በኋላ ከማርሹ ዘይት ትንሽ አፍስሰህ እየው። ነጣ ብሎ ከወጣ ውሃ ገብቷልና ሳትነዳው አምጣልኝ።